ከመከራው በፊት፣ ከመከራው በኋላ

ሐሙስ፣ መስከረም 23
ከምሳ በኋላ

ለሩቋ ልጄ፣ ለሆዴ፤

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ማለት መብላትና በእግር መቆም ከሆነ። አባትሽም ይበላል፣ ይቆማል። አክስትሽ ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ምላሷ ደህና ነው፤ ሳሚልኝ ብላለች።

በስልክ «እማዬ፣ ወንድሜ እንዴት ሞተ?» ስትይኝ «አፈር ተደረመሰበት» ብዬ አቆምኩ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለሽ እንጂ ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ለአባትሽ የላክሽለትን መልእክት አየሁት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ከፍቶት ሄዶ ነበር፤ እንዳየው ብሎም ይሆናል፣ እንጃ። «እንጨት ከልክለህ ወንድሜን የገደልከው አንተ ነህ፤ ከእንግዲህ ልጅ አለችኝ እንዳትል» ትላለሽ። አልፈርድብሽም። ጎማ ጠጋኙ የወንድምሽ ጓደኛ፣ ጎሚስታው፣ የነገረሽን ነው የያዝሽው። እሱም የሰማውን ነው የተናገረው፣ አልዋሸም። ግን የሰማው ግማሹን ነው። ሙሉውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ አባትሽ እንደሆነ ጥርሱን ቢያወልቁት አይናገርም። ስለዚህ ዛሬ የስፌት መኪናዬን ከድኜ ተቀመጥኩ። የምታውቂውን እደግምብሽ ይሆናል፣ ታገሽኝ። ከመሃል ከጀመርኩ ለማንኛችንም አይገባንም።

መምህሩ ወደ ጸሎት አዳራሻችን የመጡት አንቺ በሄድሽ ሰሞን ነው። አንሶላ የሚያህል ጨርቅ ይዘው መጡ፤ ላዩ ላይ አውሬው፣ ቀንዶቹ፣ ፈረሶቹ፣ ሁሉም በቀለም ተስሏል። ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ረጅም መስመር ተዘርግቷል፤ መስመሩ ላይ እኛ ያለንበት ቦታ በቀይ ነጥብ ተደርጎ፣ ከነጥቡ አጠገብ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት አለ። ቀስቱ ንጥቀት ነው። አማኞች በድንገት ይነጠቃሉ፤ ታላቁ መከራ፣ የአውሬው ምልክት፣ ረሃቡና ጦርነቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። መምህሩ የመከራውን ሥዕል በዘንግ እየነኩ «ይኼ ሲሆን እኛ የለንም» ይላሉ፣ አዳራሹ አሜን ይላል።

አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ አናጢ ነው፣ ልክ የሌለው ነገር አይገባውም። ልጅ ሆኖ እናቱ ስለ መጨረሻው ቀን እያወራች ታስፈራራው ስለነበር ያ ፍርሃት ከልቡ ወጥቶ አያውቅም። ነጎድጓድ ሲሰማ መጋዙን አቁሞ ቀና ሲል ስንቴ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ከአዳራሽ ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለና «ነገሩ ልክ ያለው ሆኖ ታየኝ» አለኝ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ነበር። እኔም ደስ አለኝ፤ ሰው ፍርሃቱ ሲወጣለት ማን ይከፋዋል። ሥዕሉን አስገልብጦ ሳሎን ሰቀለው።

ክፋቱ ቆይቶ ነው የመጣው። አባትሽ ቁም ሳጥን ሥራልን ሲሉት «የሚቀመጥበት ዘመን የለም» ብሎ ሰው መመለስ ጀመረ። የሳሎኑ ጣሪያ ወራጁ በስብሶ ማፍሰስ ሲጀምር፣ አንድ ቀን የማይፈጅበትን ሥራ «አናስፈልገውም፣ ተዪው» አለኝ። እኔ ሳህንና ባልዲ ደርድሬ ከረምኩ። ጎረቤት የአናጢ ቤት ያፈሳል እያለ ሳቀብን። ሥዕሉ ላይ ካሉት አውሬዎች የአንዱ ቀለም በውሃ ፈስሶ እግሩ ስድስት ሆነ። መምህሩ ግን በዚያው ክረምት የራሳቸውን ቤት ቀለም አስቀቡ። አይቻለሁ።

ወንድምሽ መጀመሪያ እንደ ሁላችን አምኖ ነበር። የብየዳ ሥራውን ጨርሶ ሲመጣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ያነብ ጀመር። አንድ እሑድ ስብከቱ እንዳለቀ ተነሣ። አባትሽ የአዳራሹ ሽማግሌ ስለሆነ ፊት ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው።

«መምህር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ ወንድምሽ በትሕትና። «ጌታ ራሱ የመረጣቸውን የሚሰበስበው ከዚያ ወራት መከራ በኋላ ነው ይላል። እኛ በፊት እንሄዳለን እንላለን። በፊትና በኋላ እንዴት አንድ ይሆናል?»

መምህሩ ፈገግ አሉ። «እሱ ለእስራኤል የተነገረ ነው፣ ለቤተ ክርስቲያን አይደለም።»

«ታዲያ የቱ ለኛ፣ የቱ ለነሱ እንደተነገረ በምን እንለያለን?»

«በትሕትና» አሉት። ሰው ሳቀ። የአባትሽ ጆሮ ሲቀላ ከኋላ አየሁት።

ቤት ስንገባ ሾርባውን እንደቀረበ ትተው ተያያዙ። አክስትሽም ነበረች። አባትሽ «ሰው ፊት አሳፈርከኝ» አለው።

«አባዬ፣ ሰውን ዝናብ አያገኝህም ብለህ ጃንጥላውን አስጥለህ ብታወጣው፣ ዝናቡ ሲመታው የሚረግመው አንተን አይደለም፤ ጌታን ነው። እምነቱን ጥሎ ይሄዳል። እኔ የምፈራው ይኼን ነው» አለ ወንድምሽ።

«ዝናብ ብቻ የሚጠብቅ ደግሞ ፀሐይ ሳያይ ይሞታል» አለ አባትሽ።

አክስትሽን ታውቂያታለሽ፤ የድሮ ቤተ ክርስቲያኗን አልለቅም ያለች ናት። «የኛ ቄስ በራእይ የተጻፈው ሺው ዓመት ቁጥር አይደለም ነው የሚሉት» አለች ማንኪያዋን አስቀምጣ። «ጌታ አሁንም ነግሧል፣ አንድ ቀን ይመጣል፣ አለቀ። በፊት የለ፣ በኋላ የለ። ለኔ እንደሆነ ፍጻሜው ጉልበቴ ላይ ጀምሯል።» እኔ ሳቅሁ። እነሱ አልሳቁም። ሦስት ሃይማኖት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሾርባ ሲያቀዘቅዝ እኔ ዳቦ ቆርሼ በላሁ።

ከዚያ ወንድምሽና ጥቂት ልጆች ከጎሚስታው ሱቅ ኋላ፣ በጎማ ክምር መካከል መሰብሰብ ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያን በመከራው ውስጥ ታልፋለች፣ መዘጋጀት አለባት ነው የሚሉት። አዳራሹ ይኼን ሲሰማ ከኅብረት ለያቸው። የመለያውን ወረቀት ሰው ፊት ቆሞ ያነበበው አባትሽ ነው፤ መምህሩ ናቸው ያስነበቡት፣ «ሽማግሌ ለቤቱ እንደማያዳላ ይታይ» ብለው። የልጁ ስም ላይ ሲደርስ ድምፁ ሰለለ፤ ግን አነበበው። ወንድምሽ በር ጋ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማና ወጣ።

አንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ መነጋገር አቆሙ። «ልጅሽን ጨው አቀብል በዪው» ይለኛል አንዱ። «ባልሽን ጨው እዚያ አለ በዪው» ይለኛል ሌላው። ጨው እጄ ላይ ይዤ መሃል የምቆም ቱርጁማን ሆንኩ። አንዱ ወደ ላይ ሊወስደኝ፣ አንዱ ወደ ታች ሊያወርደኝ፤ እኔ መሬት ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ።

ወደ ታች ያልኩሽ ለቀልድ አይደለም። ወንድምሽ ከክፍሉ ኋላ ጓሮው ላይ መቆፈር ጀመረ። ምልክቱ መጥቶ መግዛትና መሸጥ ሲከለከል የምንደበቅበት ክፍል ነው አለኝ። ሩዝ፣ ምስር፣ ጨው፣ ሻማ፣ ውሃ በጀሪካን አከማቸ። ከሥራ ሲመለስ ይቆፍራል፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ይቆፍራል። አንድ ቀን መሰላሉን ይዞልኝ አወረደኝ። ከሰው ቁመት በላይ ጠልቋል፤ አፈሩ ይቀዘቅዛል፣ ይሸታል። በአካፋው እጀታ ግድግዳውን እየነካ «ይኼ ያንቺ አልጋ፣ ይኼ የአባዬ፣ ይኼ የኔ» አለኝ። አራተኛ ቦታም ነበር። «የእህቴ ነው። ያን ጊዜ መንገድ ሳይዘጋ እናስመጣታለን» አለ። ለአባቱ አልጋ ቦታ ሲለካ ለአባቱ ቃል ካወጣ ወራት አልፎታል። እኔ ምን ልበል? ቆንጆ ነው አልኩት።

ያ ጓሮ ድሮ ቦይ የነበረ፣ በሙላት አፈር የተደለደለ መሬት ነው። አባትሽ ቤቱን ሲሠራ ጀምሮ ያውቀዋል። ወንድምሽም ግድግዳው እየተሰነጠቀ ሲያስቸግረው እጁን አጥፎ፣ ጎሚስታውን አስከትሎ ግቢው ውስጥ ወዳለው የአባቱ የእንጨት መሥሪያ ቤት ገባ። እኔ ሻይ ይዤ በር ላይ ነበርኩ።

«አባዬ፣ ግድግዳውን የምደግፍበት ወፍራም እንጨት ፈልጌ ነው።»

አባትሽ መላጊያውን አላቆመም። «ላላመንኩበት ጉድጓድ የሚሆን እንጨት የለኝም» አለ። ከዚያ ቀና አለና «መሬቱ ሙላት ነው፤ አይችልም። ተወው። ጌታ ወደ ላይ ሲጠራ አንተ ታች ሆነህ እንዳትሰማ ነው የምፈራው» አለው።

«እኔ ደግሞ አንተ ወደ ላይ ስታይ መከራው በር ሰብሮ እንዳይገባብህ ነው የምፈራው» አለ ልጁ። ወጣ። ጎሚስታው የሚያውቀው እስከዚህ ነው። እስከዚህ ያለው እውነት ነው፣ ልጄ። አባትሽ ከልክሏል።

የማያውቀው ይኼን ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ወንድምሽ ሥራ ሄዶ፣ አባትሽ ሜትሩን በኪሱ አድርጎ ወደ ጓሮ ሲሄድ በመስኮት አየሁት። መሰላሉን ይዞ ወረደ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ሱሪው ጭቃ፣ ፊቱ አመድ ነበር። በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ መጋዙ ሲጮህ ሰነበተ። የመለሳቸውን ደንበኞች እንጨት፣ ለትልቅ በር ያስቀመጠውን ሳይቀር ቆረጠው። ሰው እጅ ላይ ስንጥር እንዳይገባ ጠርዙን ሁሉ በመላጊያ አለሰለሰው። ልክ በልክ፣ ግድግዳ በግድግዳ አሰናድቶ በወንድምሽ ክፍል በር ላይ ደረደረለት።

«ምን ልበለው?» አልኩት።

«እንጨት ነው። ምን ይባላል?» አለኝ።

ማታ ወንድምሽ ሲመጣ እንጨቱ ፊት ቆመ። የተላጋውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ሄደበት። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ማንም መንገር አያስፈልገውም። እኔ ልቤ ዐረፈ፤ እንቅልፌን ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ግን በትከሻው እየተሸከመ ወደ አባቱ መሥሪያ ቤት ይመልሳል። ሮጬ ደረስኩበት።

«ምን ማለትህ ነው?»

«እማዬ፣ ሰው ፊት ለምኜው ሰው ፊት ከለከለኝ። ሰው ፊት ስሜን ጠርቶ አስወጣኝ። አሁን ለለማኝ እንደሚጣል በር ላይ ጥሎልኝ ይሄዳል። የሚያምንበት ከሆነ ራሱ ይዞት ይውረድ፣ አብረን እናቁመው። ካላመነ አልፈልግም።»

«አፈሩ ማን እንዳቆመው አይጠይቅም፣ ልጄ» አልኩት።

ሳቀና ግንባሬን ሳመኝ። ላቡ አሁንም ይሸተኛል። እንጨቱን በሙሉ መልሶ ግድግዳ ላይ አስደገፈው፤ ጉድጓዱን ደግሞ በአሮጌ አልጋ ርብራብና በቆርቆሮ ቁራጭ ደገፈ። አባትሽ መጥቶ እንጨቱን አየ። ከዚያ ላስቲክ አለበሰውና ሥራውን ቀጠለ። ሁለቱንም ደብድቤ በሆነ እላለሁ አንዳንዴ። አባትና ልጅ አንድ ቃል ነው የጎደላቸው፣ አንድ ቃል።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ሳምንቱን ሲዘንብ ሰንብቶ አባርቶ ነበር። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነው፤ ከባድ ጆንያ ከጣሪያ እንደወደቀ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት የለም። ድምፁ ብቻ። አባትሽ መዶሻውን እንደያዘ ከመሥሪያ ቤቱ ወጣ፤ ሳንጠያየቅ ሮጥን።

አንደኛው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ወርዷል። ወንድምሽ እስከ ደረቱ ተቀብሯል፤ እጁ አንዱ ውጭ ነው፣ ራሱ ውጭ ነው፣ ያየናል። አባትሽ ዘሎ ገባ። አካፋ እንዳይመታው ብሎ በእጁ መጫር ጀመረ። እኔ መንገድ ወጥቼ ጮኼ፣ የእሳት አደጋ ሰዎች ተደውሎላቸው፣ ተመልሼ ጉድጓዱ አፍ ላይ በሆዴ ተኛሁ።

ልጄ፣ የተናገሩትን እንዳለ ልጻፍልሽ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

«አትናገር፤ ትንፋሽህን ያዝ» ይለዋል አባትሽ እየጫረ።

«እግሬ አይሰማኝም፣ አባዬ።»

«እሺ። አውጥቼህ እናየዋለን።»

ቆየና «እንጨቱ…» አለ ወንድምሽ። «አባዬ፣ እንጨቱን…»

«ተወው።»

«እኔ ነኝ የ…»

«እኔ ነኝ የከለከልኩህ» አለ አባትሽ ጮክ ብሎ። ጮክ ያለው ሊያቋርጠው ነው። «ሰማኸኝ? ለምነኸኝ የከለከልኩህ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሌላ ሰው የለበትም። አሁን ዝም ብለህ ተንፍስ።»

ጎሚስታውና ልጆቹ አካፋና የመኪና ማንሻ ክሪክ ይዘው የደረሱት ያን ጊዜ ነው። እግራቸው ግቢ እንደገባ የሰሙት ያን ነው፤ «የከለከልኩህ እኔ ነኝ»። ከዚያ በፊት ያለውን አልሰሙም። አባትሽም እንደሰሙት አይቷል።

አፈሩ እርጥብ ስለነበር ደረቱን ጨምቆ ይዞታል። ባስተነፈሰ ቁጥር አፈሩ ይጠጋል፤ መልሶ መሳብ እያቃተው ሄደ። ሲያወራ የነበረ ልጅ ዝም አለ፤ ግን ዓይኑ ያያል። አባትሽ መጫሩን ሳያቆም ያወራዋል። ስለ ጌታ አልነበረም፣ ስለ ምጽአትም አልነበረም። ልጅ ሆኖ መጋዝ ስለያዘበት ቀን፣ የጠረጴዛውን እግር ስለቆረጠበት ቀን፣ አንቺ ተደብቀሽ ስለሳቅሽበት ቀን ነው። አፈሩ እንደገና ወረደ። ልጆቹ አባትሽን በገመድ ጎትተው አወጡት፤ አልወጣም ብሎ አንዱን በጥፊ መትቶታል። የእሳት አደጋዎቹ ሲደርሱ የቀራቸው ማውጣት ብቻ ነበር። ይኼው ነው፣ የጠየቅሽኝ።

ለስንቱ ሰው ሬሳ ሣጥን የሠራ ሰው ለልጁ መሥራት አቃተው። ጥፍሮቹ አልነበሩም፤ ጣቶቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ግን በጣቱ አይደለም ያቃተው። ከሌላ አናጢ አመጣን።

መቃብሩ ላይ ማን ይናገር የሚል ክርክር ተነሣ። መምህሩ «ከሚመጣው መከራ ተሰውሯል» ሊሉ ጀመሩ፤ ከጎማ ቤቱ ልጆች አንዱ «መከራውን ሊጋፈጥ ሲዘጋጅ ነው የሞተው» ብሎ አቋረጣቸው። በፊት፣ በኋላ፣ በፊት፣ በኋላ፤ ሣጥኑ ገና ሳይወርድ። አክስትሽ በከዘራዋ መሬቱን መታችና «ዝም በሉ። የሞተው ልጅ ነው፣ ክርክር አይደለም» አለች።

ያን ጊዜ አባትሽ ወደ መምህሩ ዞረ። «መምህር፣ ያን ቀን ቀድመው የሚነሡት እነማን ናቸው?» አለ።

«በክርስቶስ የሞቱት።»

«በሕይወት ካለነው በፊት?»

«አዎ፣ በፊት።»

ወደ ጎሚስታው ዞረ። «እናንተስ?»

«እኛም እንደዚያው ነው የምናምነው፣ አባባ» አለ ልጁ አንገቱን ደፍቶ።

«እንግዲያው በዚህ አልተጣላንም» አለ አባትሽ። አፈሩን የመለሱት ሌሎች ናቸው፤ እሱ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ላሳጥርልሽ። መምህሩ በቀጣዩ እሑድ የወንድምሽን ነገር ስብከት አደረጉት፤ ከተስፋው ወርዶ ጉድጓድ የታመነ ሰው እያሉ። አባትሽ ከፊት ወንበር ተነሥቶ፣ በመሃል መተላለፊያው ሄዶ ወጣ። በሩን እንኳ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። ከዚያ ወዲህ አልሄደም። የጎማ ቤቱ ስብስብም ተበታትኗል፤ አንዳንዱ ወደ አዳራሹ ተመለሰ፣ አንዳንዱ ሁሉንም ተወው። በሰፈሩ የአባትሽ ስም «ልጁን እንጨት የነሳው» ነው። ዳቦ ሊገዛ ሲሰለፍ ከኋላው ይላሉ። ይሰማል። ዞሮ «እንደምን ዋላችሁ» ይላቸዋል።

አንድ ቀን አልቻልኩምና «ለምን እውነቱን አትነግራቸውም? ቆርጠህለት መለሰው፣ በለዋ» አልኩት።

«ሙት ወቃሽ ልሁን?» አለኝ።

«እኔ ልንገራቸው።»

«አንቺም እንዳትሆኚ። በትዕቢቱ ሞተ እንዲሉት ነው? እሱ መልስ አይሰጥም። ካንዳችን ላይ መዋል ካለበት በሕይወት ያለው ይሸከመው።» ከዚያ ቆይቶ፣ ለራሱ እንደሚያወራ፣ «ደግሞስ መጀመሪያ የከለከልኩት እኔ አይደለሁ» አለ።

ስለዚህ ዛሬ ሙት ወቃሽ የሆንኩት እኔ ነኝ። ወንድምሽን ልወቅሰው አይደለም፣ አንጀቴ ነው። ግን አንድ ልጅ አፈር በላብኝ፤ ሌላዋ በሕይወት እያለች ከአባቷ እንድትሞት አልፈቅድም። ሰፈሩ የፈለገውን ይበለው። አንቺ ግን እወቂ።

ሌላ ቀን ደግሞ ሥዕሉን አውርጄ ስጠቀልል አየኝ። አልከለከለኝም። «አሁንም በፊት ነው የምንሄደው ትላለህ?» አልኩት፣ እንዲያው ሊናገር ይሆን ብዬ። ቀስቱን፣ ቀዩን ነጥብ አየና «ከመከራው በፊትማ አልሄድንም» አለኝ።

ደውዪለት። የኔን መጻፍ እንዳትነግሪው፤ ስለ እንጨቱም እንዳትጠይቂው፣ መልስ አታገኚም። ስለ አየሩ አውሪው፣ ስለ ሥራሽ አውሪው። ይቅርታ የሚለውን ቃል ካልሽው ስልኩን ለኔ ይሰጠኛል፤ ስለዚህ አትበዪው። «በልተሻል?» ብሎ ይጠይቅሻል፤ «በልቻለሁ» በዪው። ያ ይበቃዋል። ጠዋት ጠዋት ስልኩን እያነሣ ያየዋል፤ መልሶ ያስቀምጠዋል። እኔ የማላይ ይመስለዋል።

ወረቀቴ ሊያልቅ ነው፤ የዩኒፎርሞቹም ጠርዝ ይጠብቀኛል። ጉንፋን አይያዝሽ፤ ብቻሽን ስትሆኚ በር ቆልፊ። ጌታ በወጣሽበት ይከተልሽ፣ በገባሽበት ይቅደምሽ። የወንድምሽን ዕድሜ ላንቺ ያድርገው። በሰው ሀገር ሰው ያድርግሽ፣ ክፉ ወሬ በሩን ይሳትብሽ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ልዝጋ። እዚህ ሁሉም ሰው ጸሎቱን ሲጨርስ «ጌታ ሆይ፣ ቶሎ ና» ይላል፤ በፊት የሚለውም፣ በኋላ የሚለውም፣ አክስትሽም ከነጉልበቷ። እኔም ከንፈሬን አብሬ አንቀሳቅሳለሁ። በሆዴ ግን የምለው ሌላ ነው። ጥቂት ቆይ እለዋለሁ። ልጄን በዓይኔ ሳላያት እንዳትመጣ እለዋለሁ።

እናትሽ